የገብሬን ድምፅ ተማምኜ የደገምኩት ዳዊት

ዛሬ ጎባ ላይ፣ የታመመ ሰው ፊት ዳዊት ሳጭበረብር ተያዝኩ። በዚህ ዕድሜዬ!

ገብሬ የልጅነት ጓደኛዬ ነው። በጃንሆይ ጊዜ እዚያው ጎባ፣ የኔታ ዘንድ አብረን ዳዊት ደግመናል። ጉሮሮውን ታሞ ተኝቷል ሲሉኝ ከሮቤ ሄድኩ።

«አካም ጂርታ፣ ሰነፉ! በጠራራ ፀሐይ ይተኛል?» እያልኩ ገባሁ። ሳቀ፤ ድምፁ ግን ጠፍቶ ሹክሹክታ ብቻ ቀርቶታል።

«ሃያ ሁለተኛውን መዝሙር፣ ‹እግዚአብሔር እረኛዬ ነው› የሚለውን ድገምልኝ። ድምፄ እምቢ አለኝ፣ በጆሮዬ እንኳ ልስማው» አለኝ።

ጀመርኩ። ሁለቱ መስመር እንደ ውሃ ወረደ፤ ሦስተኛው ጠፋብኝ። ዓይኑን ስለጨፈነ አይነቃብኝም ብዬ ዜማውን ብቻ ይዤ አጉረመረምኩ። (የልጅ ልጆቼን «ያለ ስልክ አቡነ ዘበሰማያት አትችሉም» እያልኩ የማበሽቀው እኔ ነኝ።)

ዓይኑን ገለጠ። «አንተ፣ ዛሬም አጉረምርመህ ልታልፍ ነው? የኔታ ፊት በኔ ድምፅ ተሸፍነህ አለፍክ፤ አሁን ማን ይሸፍንህ?»

ለካ ያኔም ያውቅ ኖሯል። በሕመሙ የሚጽናናበትን ቃል ሲለምነኝ ጉምጉምታ ሰጠሁት።

ጆሮዬን ወደ አፉ አስጠጋሁ። እሱ እያንሾካሾከ፣ እኔ ጮክ ብዬ እየተቀበልኩ ጨረስነው። ቀና ብዬ ግን ላየው አልቻልኩም።

ነገም እሄዳለሁ፤ እስከዚያው እያጠናሁ ነው።

እናንተስ? የታመመ ወዳጅ «ድገሙልኝ» ቢላችሁ ከአፋችሁ የሚወጣው ምንድን ነው? ስልካችሁ ውስጥ ያለውን አልጠየቅኳችሁም።