ፒያኖው ዝም ያለ ዕለት

ሀይሌ ጋርመንት ከታክሲ ስወርድ ከአናጢው ደጃፍ የቫርኒሽ ሽታ ከመጣብኝ ዛሬም ቆም ብዬ አንድ፣ ሁለት እያልኩ መቁጠር እጀምራለሁ። በዚህ ዕድሜዬ! ሳቂብኝ እንግዲህ።

የትምህርት ቤታችን ፒያኖ እንደዚያ ነበር የሚሸተው። በሃምሳዎቹ ዓመታት ነው፤ ነፋስ ስልክ። ፈረንጁ የሙዚቃ አስተማሪያችን ፒያኖ ያስተማረው እኔን ብቻ ነበር። ብቻዬን ስነካ ማን ይችለኛል! ከተማሪዎቹ ኦርኬስትራ ጋር ሲቀላቅለኝ ግን ጉዴ ፈላ። አንዱ ዓይኔ ጣቶቼ ላይ፣ አንዱ አስተማሪው ሙዚቃውን በሚመራበት በትር ላይ። ከሁሉ የባሰው ደግሞ ዝም ማለቱ ነበር፤ ሌሎቹ ሲጫወቱ ተራዬ እስኪደርስ በሆዴ መቁጠር። ቫዮሊን የያዘ ልጅ ቢሳሳት ከጓደኞቹ መሃል ይደበቃል። ፒያኖ የት ይደበቃል?

አባባ ደግሞ መካኒሳ አቦ አጠገብ የሚያርስ ሰው ነው፤ ነገሩን አልወደደውም። "ልጄን አዝማሪ ሊያደርጉብኝ ነው?" እያለ ሲቆጣ ከረመ። የወላጆች ቀን ሲደርስ "መጥቼ በዓይኔ አያለሁ። ካሳፈርሽኝ በቃ፣ ትምህርቱም ያከትማል" አለኝ።

የዚያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ፀሐዩ በመስኮት ገብቶ ቁልፎቹ ላይ አርፏል፤ ጣቶቼ ግን በረዶ ሆነዋል። አባባ ሳይመጣ ተጀመረ። ፒያኖው የሚገባው ሙዚቃው መሃል ላይ ስለነበር እየቆጠርኩ ጠበቅሁ። ቁጥሩ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው በሩ ሲጢጥ አለና አባባ ጋቢውን ተከናንቦ ገባ።

ምን ልበልሽ፣ አባት ሲገባ ቁጭ ብሎ መቅረትን ማን አስተማረን? ሳላስበው ብድግ አልኩ። መድረክ ላይ፣ ከዚያ ሁሉ ተጫዋች መሃል፣ እኔ ብቻ! አባባም ቤቱ ያለ ይመስል ጮክ ብሎ "በእግዜር! በእግዜር! ቁጭ በይ ልጄ!" አለ። አዳራሹ ሳቀ።

ስቀመጥ ቁጥሩ የለም። የቱ ጋ ነን? አስተማሪው ዓይኑን አፈጠጠብኝ፤ ግቢ ማለቱ ይሁን ቁጣው መለየት አቃተኝ። ጣቶቼን ቁልፎቹ ላይ አሳረፍኩ፣ አንዱንም መጫን ግን ፈራሁ። የፈረንጅ ዋሽንት የምትነፋው ልጅ ዜማውን ብቻዋን ይዛው ቀጠለች። እኔ አንድ ድምፅ ሳላወጣ አለቀ፤ ተጨበጨበ።

ወደ ቤት ስንመለስ ከኋላው እየተከተልኩ፣ አሁን "በቃ" ይለኛል፣ አሁን ይለኛል እያልኩ እርምጃውን ቆጠርኩ። ወንዙ ጋ ስንደርስ ቆም አለ።

"ያ እንደ ወፍ የሚያዜመው ያንቺ ነው አይደል?"

ዋሽንቱን ነበር የሚለው፤ ፒያኖ ሰምቶ አያውቅ።

"አዎ፣ አባባ።"

"እኔ'ኮ ሙዚቃው አባት የሚያስንቅ መስሎኝ ፈርቼ ነበር። ያን ሁሉ ሰው ትተሽ ለእኔ ተነሳሽ። አላበላሹብኝም። ተማሪ።"

ተማርኩ። ስንት መድረክ ላይ ነካሁ መሰለሽ። እርሱ ግን አንዴ እርሻው፣ ኋላም ሕመሙ ይዞት ዳግመኛ አልመጣም። እንግዳ ቤት በመጣ ቁጥር "የእኔን ልጅ ብትሰሟት! ወፍ ናት'ኮ!" ይል ነበር፤ እኔም አንገቴን ደፍቼ እሰማዋለሁ። አባባ አንድም ቀን ስነካ ሳይሰማኝ አረፈ።