ጭቃው እስኪቦካ

ከአሠሪዎቼ ቤት ወጥቼ በየቤቱ በቀን እየተቀጠርኩ ፍሪላንስ መሥራት ከጀመርኩ በኋላ፣ ሐሙስ ሐሙስ ቤይሩት አጠገብ ጃል ኤል ዲብ የአንዲት አርቲስት ስቱዲዮ አጸዳ ነበር። ስልሳ ዓመት ያለፋት፣ ጉልበቷን የሚያማት፣ ብቻዋን የምትኖር ሴት ናት። ያን ሰሞን ለኤግዚቢሽን የአፈር ግድግዳ ትሠራለች።

«ቤይሩት ውስጥ የምንነካው ሲሚንቶና መስታወት ብቻ ነው። ሰው አፈር ፊት እንዲቆም እፈልጋለሁ» ትለኛለች።

አፈሩን ከተራራ በጆንያ አስመጥታ፣ በውሃ ለውሳ፣ የእንጨት ርብራብ ላይ ትለጥፈዋለች። በሳምንቱ ስመለስ ተሰነጣጥቆ ረግፎ አገኘዋለሁ። ጠርጌ እሄዳለሁ።

በሦስተኛው ሐሙስ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። ዓይኗ ቀልቷል።

«ኸላስ፣ ትቼዋለሁ» አለችኝ።

ሥራዬ ማጽዳት ነውና ዝም ልል አሰብኩ። አላስቻለኝም።

«ማዳም፣ ጭቃው አልቦካም» አልኳት።

«ያኒ… አልቦካም ስትዪ ምን ማለትሽ ነው?»

እናቴ ክረምት ሲወጣ ቤታችንን እንዴት እንደምትመርግ ነገርኳት፤ ጭድ እንደሚገባበት፣ በእግር እንደሚረገጥ፣ እስኪሸት ድረስ ቀናት እንደሚቆይ። ተናግሬ ሳልጨርስ ስልኳን አነሳች፣ ጭድ ፍለጋ።

በማግስቱ ጭዱ ሲመጣ ጠራችኝ፤ ሱሪዬን እስከ ጉልበቴ ጠቅልዬ ጭቃው ውስጥ ገባሁ። ሊባኖስ ከመጣሁ ጀምሮ እግሬ ሴራሚክና አስፋልት እንጂ አፈር ረግጦ አያውቅም ነበር። በጣቶቼ መሃል ሽቅብ ሲወጣ ሳቄ መጣ፤ ወዲያው ደግሞ እንባዬ። ማዳሜ ወንበሯን አስጠግታ ጫማዋን አወለቀች። መርገጥ ባትችልም እግሮቿን ከእኔ አጠገብ ጭቃው ውስጥ ከተተች።

«በአገራችሁ ስለ አፈር ምን ትላላችሁ?» አለችኝ።

«ሰው አጥብቀን ስንለምን ‹አፈር ስሆን› እንላለን።»

ትርጉሙን ነገርኳት። በአማርኛ እስክትለምደው ድረስ ደጋግማ አለችው፤ «ፈ»ዋ ብቻ ትንሽ እየጠበቀችባት።

በስድስተኛው ቀን ጭቃው ሸተተ። እሷ አፍንጫዋን ይዛ ተጨነቀች፣ እኔ ደስ አለኝ። አብረን መረግነው፤ ላይ ላዩን እኔ በመዳፌ፣ ታች ታቹን እሷ ቁጭ ብላ። ደረቀ፤ አልተሰነጠቀም።

ኤግዚቢሽኑ ቤይሩት፣ አሽራፊዬ ሰፈር ነበር። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ፣ አንድ ክፍል አብራኝ የምትከራየውን ጓደኛዬን ይዤ ሄድኩ። ነጠላችንን እንኳ አላወለቅንም። ጓደኛዬ ግድግዳውን ከሩቅ አየችው፣ ቀርባ አሸተተችው፣ ከዚያ ጉንጯን አስደገፈችበት። ጥበቃው «መንካት ክልክል ነው» እያለ መጣ።

ማዳሜ ጥግ ላይ ከተቀመጠችበት እጇን አነሳችለት።

«ተዋት» አለችው። «ትንሽ ትቆይ።»