የማናንግ ፔርፔ ደብተር ይከፈት አይከፈት

በፊሊፒንስ፣ በኢሎኢሎ ከተማ ዳር፣ ከሩዝ ወፍጮው ጀርባ ባለው ሰፈር፣ ማናንግ ፔርፔቱዋ የነዋሪዎች ማኅበር ፀሐፊ ከሆኑ አስራ አራት ዓመታቸው ነው። ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው፤ ሰፈሩ በአጭሩ ማናንግ ፔርፔ፣ እትዬ ፔርፔ እንደማለት፣ ይላቸዋል። የተመረጡት ግን ጽሕፈታቸው ስለሚያምር አይደለም፤ የምርጫው ቀን ስለቀሩ ነው። ሰፈሩ እንዲህ ነው፣ የቀረ ይሾማል።

እሳቸው ግን ሥራውን የምር ያዙት። የተነገረውን ብቻ ቢጽፉ ደግ ነበር። ማን እንዳዛጋ፣ ማን «ሽንት ቤት ደርሼ መጣሁ» ብሎ በዚያው እንደቀረ፣ ማን ሚስቱ በክርኗ ስትጎሽመው ሐሳቡን እንደቀየረ፣ ሁሉም አለ። ቃለ ጉባኤው ሲነበብ ግማሹ ሰው ይስቃል፣ ግማሹ ያኮርፋል።

ይሄ ለአዲሱ ሊቀመንበር ለፕሩደንሲዮ አልተመቸውም። የድሮ ተማሪያቸው ነው።

«ማናንግ፣ ቃለ ጉባኤ ማለት የተወሰነው ብቻ ነው። ማን ሐሳብ አቀረበ፣ ማን ደገፈ፣ ስንት እጅ። በቃ! ማዛጋት ውሳኔ ነው እንዴ?»

«አንተ ስታዛጋ አይደል የሚወሰነው» አሉት። ግን እሺ አሉ። ከዚያ ወዲህ ቃለ ጉባኤው ግማሽ ገጽ ሆነ። ደብተራቸው ግን እንደ ድሮው ሁሉን ይውጣል። ቤት ወስደው መሳቢያ ውስጥ ይቆልፉበታል።

ጣጣው የመጣው በአውራ ዶሮ ነው። «የሚዋጉ አውራ ዶሮዎች ከሰፈር ይውጡ፤ በአስራ ዘጠኝ እጅ ተወሰነ» የሚል ቃለ ጉባኤ በአዳራሹ በር ላይ ተለጠፈ። ማኖንግ ወይም ጋሼ ክሪሳንቶ ደግሞ ሰባት አውራ ዶሮ አለው። ሚስቱ «ዶሮዎቹን እንደሚያሽ የኔን ወገብ አንድ ቀን ቢያሸው» እያለች ትተርበዋለች።

በሚቀጥለው ስብሰባ ትልቁን ዶሮ ብብቱ ሥር ይዞ መጣ።

«አስራ ዘጠኝ እጅ? እኔም እኮ ነበርኩ! የማናንግ ፔርፔ ደብተር ይከፈት!»

«እሱ የግላቸው ማስታወሻ ነው» አለ ፕሩደንሲዮ።

«ደብተሩን የሰጣቸው ማኅበሩ ነው!»

«እስክሪቢቶው የኔ ነው» አሉ ማናንግ ፔርፔ። በዚያ ደብተር ያልተነካ ቤት የለም። ከተከፈተ ነገ ማን ሰላም ይላቸዋል? ሲሞቱ የሚቀብራቸውም ይሄው ሰው ነው። ካልተከፈተ ደግሞ ዶሮዎቹ በሐሰት ሊባረሩ ነው፣ ይሄን የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ናቸው።

«አንድ ገጽ ብቻ አነባለሁ» አሉ በመጨረሻ። መነጽራቸውን አደረጉ።

«ዘጠኝ ሰዓት ተኩል። ፕሩደንሲዮ፣ ዶሮ ይውጣ የሚል እጁን ያውጣ አለ። አራት እጅ። ሎርና የቢቢንግካ ቂጣ በትሪ ይዛ ገባች። ያልደረሰው ማነው አለች። አስራ ዘጠኝ እጅ። ፕሩደንሲዮ ቆጠረ።»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ።

«ለካ ለዚህ ነው ያጠረኝ!» ብላ ጮኸች ሎርና። «አስራ ስምንት ቂጣ ነበር የጋገርኩት!»

ክሪሳንቶ ዶሮውን ከፍ አድርጎ አሳየ። «አላልኳችሁም? የሌባ ቆጠራ!»

ማናንግ ፔርፔ እዚህ ላይ ማቆም ነበረባቸው። ግን አስተማሪ ገጽ ሳይጨርስ አያቆምም።

«ክሪሳንቶ ሁለት እጁን አነሳ።»

ሚስቱ ከወንበሯ ልትወድቅ ደረሰች። «ዶሮዎችህን ራስህ አባረርካቸው? ለዚያውም በሁለት እጅ?»

ውሳኔው ተሻረ፣ ዶሮዎቹም እዚያው ሰፈር ቀሩ። ግን ምስጋና የጠበቀ ሰው ካለ የዋህ ነው። ክሪሳንቶ ፊቱ ቲማቲም መስሎ ተነሳ።

«ይሄ ደብተር ይቃጠል!»

«እደግፋለሁ!» አለ ፕሩደንሲዮ። ሁለቱ በአንድ ነገር ሲስማሙ ይሄ የመጀመሪያቸው ነው። ቤቱ ሙሉ እጁን አነሳ። ቀጣዩን ገጽ የማይፈራ አልነበረማ።

ማናንግ ፔርፔ ደብተሩንም እስክሪቢቶውንም ጠረጴዛው ላይ ገፋ አደረጉ።

«ደግ። ይቃጠል። ከዛሬ ጀምሮ የሚጽፈው ማነው?»

አንዱ ጫማውን ያያል፣ አንዱ ጣሪያውን። ዶሮው ክንፉን ሲያራግብ ክሪሳንቶ እንዳይቆጠርበት ቶሎ ጨብጦ ያዘው።

ፕሩደንሲዮ ጉሮሮውን ጠረገ። «ማናንግ... የማቃጠሉን ነገር ለሌላ ጊዜ ብናስተላልፈውስ?»

«ማን ደገፈ?»

ሁሉም ደገፈ። ማናንግ ፔርፔ እስክሪቢቶውን አነሱ፤ ግን ከውሳኔው በፊት ማን ቀድሞ ጫማውን እንዳየ ጻፉ።