አግድሙ ይቀድማል

የቻይንኛው አሥር ሁለት ጭረት ብቻ ነው፤ አንድ አግድም፣ አንድ ቁልቁል። ሕሊና ገብረ ኢየሱስ ጭረታቸው እንደ ቁጥቋጦ የተጠላለፈ ፊደላትን እንኳ ሳትሳሳት ትጽፋለች። የሚያሳፍራት ይኸው አሥር ነው።

"አግድሙ ይቀድማል!" አለ መምህሩ አንዳርጋቸው። ቻይና ተምሮ የመጣ፣ ማራኪ ሰፈር በተከራየው ክፍል የሚያስተምር ቁጡ ሰው ነው። "ስንቴ ልንገርሽ? መጀመሪያ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከዚያ ከላይ ወደ ታች። አንቺ ሁልጊዜ ቁልቁሉን ታስቀድሚያለሽ።"

"ቲቸር፣ አይፍረዱባት" አለ ክንዱ ከኋላ ወንበር። "የመሪጌታ ልጅ ናት። እያማተበች እኮ ነው!"

ክፍሉ ሳቀ። ሕሊናም አብራ ለመሳቅ ሞከረች፤ ፊቷ ግን በርበሬ መሰለ። ልጁ እውነቱን ነበር። ጠመኔ ስታነሳ እጇ ከግንባር ወደ ደረት የሚወርድ ይመስል በራሱ ቁልቁል ይሄዳል።

ፈተናው ማክሰኞ ነው፤ ሰሌዳ ላይ፣ በሰው ፊት። መምህሩ የሚያየው ፊደሉን ብቻ ሳይሆን እጇ የሄደበትንም መንገድ ነው። ካለፈች፣ መንገድ ለሚሠሩት ቻይናውያን አስተርጓሚ እንድትሆን ስሟን ይሰጥላታል። ከተመረቀች ጀምሮ ቤት ተቀምጣለች። "ሥራ ያዝሽ?" የሚላትን ጎረቤት ሸሽታ መንገድ መቀየር ለምዳለች።

ስለዚህ ተለማመደች። ሚኒባስ ውስጥ ጉልበቷ ላይ፣ ልብስ ስታጥብ የሳሙናው አረፋ ላይ በጣቷ ጻፈች። አግድም፣ ቁልቁል። አግድም፣ ቁልቁል። በመጨረሻ እጇ ለመደ። መልመዱን ያወቀችው ግን እሑድ፣ ቁስቋም፣ ቅዳሴ ላይ ነው። ስመ ሥላሴ ሲጠራ እንደ ሰው ሁሉ አማተበች፤ ጣቷ ከግራ ትከሻዋ ተነስቶ ወደ ቀኝ ሄደ፣ ከዚያ ግንባሯ ላይ ወጥቶ ወረደ።

"ምነው ልጄ?" አሉ አጠገቧ የቆሙት እትዬ አምሳል፤ ሹክሹክታቸው ከሩቅ ይሰማል። "ይሄ ደግሞ የየት አገር ማማተብ ነው?"

ሴቶቹ ዞረው አዩዋት። ሕሊና እጇን ነጠላዋ ውስጥ ሸሸገችው። ቅዳሴው ሳያልቅ ወሬው ወንዶቹ ጋ ደረሰ፦ የመሪጌታ ልጅ ማማተብ ጠፍቷታል፤ ማን ያውቃል፣ ሃይማኖቷንም ለውጣ ይሆናል።

አባቷ ቤት ሲገቡ ጫማቸውን እንኳ አላወለቁም።

"እስቲ አማትቢ።"

ፊታቸው ቆመች። እጇ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። የትኛው እንደሚቀድም ጠፋት። እያለቀሰች ስለ አሥርም ስለ ፈተናውም ነገረቻቸው።

መሪጌታ ገብረ ኢየሱስ ሰምተው ሲጨርሱ ግንባራቸውን ነኩ። "መጀመሪያ ከሰማይ ወረደ" አሉ፣ እጃቸውን ወደ ደረታቸው እያወረዱ። "ከዚያ ነው ከግራ ወደ ቀኝ ያሻገረን። ሳይወርድ እንዴት አድርጎ ያሻግረን፣ ልጄ?"

"አውቃለሁ አባባ።"

"ቻይናዎቹ ይህን ቢነግሯቸው አይሰሙም?"

"ቁጥር እኮ ነው አባባ።"

አሰቡ፣ አሰቡና "በግራሽ ብትጽፊውስ?" አሉ። ቀና ብላ አየቻቸው፤ አልቀለዱም።

ማክሰኞ ሕሊና ጠመኔውን በግራ እጇ ያዘች። አግድሙ እንደ በቅሎ መንገድ ሽቅብ ወጣ፤ ቁልቁሉ ተንቀጠቀጠ።

"የመሪጌታ ልጅ ግራኝ ሆና አረፈችው!" አለ ክንዱ።

መምህሩ አልሳቀም። "ቅደም ተከተሉ ልክ ነው። መልኩ ግን የሕፃን ነው። በቀኝሽ ድገሚው።"

ከእሑድ ወዲህ ቀኝ እጇ ማማተብን እንደ አዲስ እየተማረ ነው፤ አሁን አግድሙን ብታስቀድምበት መልሶ ይጠፋታል። ይህን ግን እዚያ ሁሉ ሰው ፊት እንዴት ትናገረው?

"በቀኜ አልችልም" አለች።

"ባለፈው ሳምንት በቀኝሽ አልነበር እንዴ?"

አቀረቀረች። መምህሩ የስም ዝርዝሩን ገለጠ። "እንግዲያው ስምሽን አልሰጥም። ክረምት ላይ ሌላ ፈተና አለ፤ እስከዚያ አንዱን እጅሽን ምረጪ። ቀጣይ!"

የሁሉም ዓይን እየተከተላት ወደ ኋላ ወንበር ሄደች። ክንዱ ቦርሳውን አንስቶ ቦታ ለቀቀላት።

"ለቀልድ ነበር እኮ" አለ ቀስ ብሎ።

"እስክሪብቶ አውሰኝ።"

ዘረጋላት። ግራ እጇን ሰደደች።

"በግራ ትቀበያለሽ?"

"ይቅርታ" አለች ሕሊና። አፈረች፤ እጇን ግን አልቀየረችም።