በየበሩ የቆመችው ልጅ

እናቴን ሰፈሩ በስሟ አይጠራትም። «እትዬ ግቡ» ነው የሚሏት። ሥራዋ ፍራሽ ማደስ ነበር። የተጋገረ ፍራሽ ቀድዳ ጥጡን ታወጣና አፍታታ መልሳ ትሰፋዋለች። ጣቶቿ በመርፌ ብዛት ጠንክረው እንደ ቆዳ ሆነዋል። ስሙን ያወጣላት ግን ፍራሹ ሳይሆን በሩ ነው። ሰው ደጃችን ላይ ቆሞ ካየች ያማታል። የመብራት ቆጣሪ የሚያነበው ልጅ፣ አድራሻ የጠፋበት መንገደኛ፣ ሊጣላት የመጣ ጎረቤት ሳይቀር የእጁን አንጓ ለቀም አድርጋ ጎትታ ታስገባዋለች። «ግቡ እንጂ! ምን ያስቆማችኋል?» ትላለች። አንዴ እንዲህ ጎትታ ያስገባችው ሰውዬ ሬዲዮናችንን ይዞብን ወጣ። እኔ በንዴት ጣሪያ ነካሁ። እሷ ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? «ሬዲዮ ይገዛል፤ ሰው ግን ደጅ አይቆምም።» እንግዲህ ከእንዲህ ዓይነት ሰው ጋር ነው ያደግኩት።

እኔ ፀጉር ሠሪ ነኝ። ምላሴ ከመቀሴ ይፈጥናል ይሉኛል፣ አልክድም። ዘንድሮ የእናቴ ዓይን ደከመ። መጀመሪያ መርፌው ውስጥ ክር ማስገባት አቃታት፣ ቀጥሎ የሰው ፊት መለየት። ሐኪሙ «ቀዶ ሕክምናው ሊረዳትም ላይረዳትም ይችላል» ብሎን ስንመለስ፣ ታክሲ ውስጥ ድንገት ክንዴን ያዘችኝ።

«ልጅ ሆኜ ቤቶቹ ቁጥር ሲሰጣቸው የማዘጋጃ ቤት ሰዎች ፎቶ አንስተውን ነበር። ሂጂና ፈልጊልኝ» አለችኝ።

«አሁን ፎቶ ምን ያደርግልሻል? አታዪው!» አልኳት። ከአፌ ከወጣ በኋላ ምላሴን በቆረጥኩት! እሷ ግን አልተቀየመችም።

«አንቺ ታዪልኛለሽ። ከመንገዱ መጀመሪያ ጀምሪ። አንድም በር እንዳታልፊ፣ እሺ?»

የእርጅና ጭንቀት ነው ብዬ እሺ አልኳት። የልጅነት ፎቶ የሚባል ነገር የላትም። አያቴ፣ ማለትም የእሷ እናት፣ የሞተችው እኔ ገና ሳልወለድ ነው። ደንበኞቼ ግንባሬን ሲያደንቁ «የአያቴ ነው፣ በዘር የመጣ ነው» እያልኩ ስኩራራ ኖሬያለሁ። እናቴ ይህን ስትሰማ ፈገግ ብቻ ትል ነበር።

መዝገብ ቤቱ ያለው ማዘጋጃ ቤቱ ሥር፣ ምድር ቤት ውስጥ ነው። ሹራብ የደረበ፣ መነጽሩን በክር አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ ሰውዬ ተቀበለኝ። ቦርሳዬን መስቀያ ላይ አሰቀለኝ፣ እስክሪብቶዬን ቀማኝና እርሳስ ሰጠኝ። እጄን ታጥቤ እንድመለስ አዘዘኝ። በምናገረው ሁሉ «ቀስ በይ፣ እህቴ፣ ቀስ» ስላለኝ በልቤ ጋሼ ቀስ ብዬ ሰየምኩት።

የቤት ቁጥራችንን ስነግረው ሳቀ። «ያ አዲሱ ነው። ከዚያ ወዲህ ተቀያይሯል። ፎቶዎቹ ደግሞ የተቀመጡት በቁጥር ሳይሆን ቁጥር የሚሰጡት ቤት ቆጣሪዎች በእግራቸው በሄዱበት ተራ ነው። እንግዲህ መንገዱን አብረሻቸው መሄድ ነው።»

ካርቶኑን አመጣልኝ። አሠራራቸው እንዲህ ነበር፦ ቆጣሪዎቹ በየበሩ ያንኳኳሉ፣ ቤተሰቡን ደጃፍ ላይ ያሰልፋሉ፣ አዲሱን ቁጥር በጠመኔ ትንሽ ሰሌዳ ላይ ጽፈው ለአንዱ ያስይዛሉ፣ ፎቶ ያነሳሉ፣ ወደሚቀጥለው በር ይሄዳሉ።

የመጀመሪያው በር የእንጨት ነጋዴው ቤት ነው። ወፍራም አባት፣ ቀጭን እናት፣ አንድ መንጋ ልጅ። ዳር ላይ ሰሌዳውን በሁለት እጇ ደረቷ ላይ ያቀፈች ትንሽ ልጅ አለች። ሁለተኛው በር ሌላ ቤተሰብ ነው፤ ሰሌዳውን የያዘችው ግን ያችው ልጅ! ሦስተኛው ላይም እሷ ናት።

«ጋሼ፣ ይቺ ልጅ የስንት ቤት ልጅ ናት?»

«የፎቶ አንሺው ልጅ ትሆናለቻ» አለኝ፣ ቀና ሳይል።

ሳቅኩ። «አይ ፎቶ መውደድ!» እያልኩ አጉሊ መነጽሩን አንስቼ ፊቷን ላያት ጠጋ አልኩ።

ግንባሯ ላይ አዙሪት አለ። ፀጉሩ ወደ ግራ ዞሮ ቀጥ ብሎ የቆመ አዙሪት። ይህን አዙሪት አውቀዋለሁ። አርጥቤ፣ ቅባት ቀብቼ፣ በትኩስ ብረት ተጭኜ ዕድሜዬን ሙሉ እምቢ ያለኝ አዙሪት ነው! በየሳምንቱ እሁድ የማበጥረው ራስ ነው!

«እናቴ ናት!» ብዬ ጮህኩ። ወንበሬ ወደ ኋላ ወደቀ።

«ቀስ በይ፣ እህቴ…»

«ምን ቀስ እላለሁ! እናቴ ናት እያልኩህ! እዚህ ሰው ደጅ ምን ትሠራለች? ቤቷ እኮ መንገዱ መጨረሻ ላይ ነው!»

ጋሼ ቀስ ወንበሩን አነሳልኝ። መነጽሩን አድርጎ ሦስቱንም ፎቶ ተራ በተራ አየና ቁጭ አለ። ለመናገር ሲከብደው ያስታውቃል።

«ከእኔ በፊት እዚህ የነበሩት ሽማግሌ ሲያወሩ እሰማ ነበር» አለኝ። «ያን ጊዜ የጠፋ ልጅ ሲገኝ ለቤት ቆጣሪዎቹ ነበር አሉ የሚሰጡት። በየቤቱ የሚያንኳኩት እነሱ ናቸዋ። ይዘው እየዞሩ ‹የማን ናት?› እያሉ ይጠይቃሉ። እንዳታለቅስ ብለው ይሆናል ሰሌዳውን ያስያዟት።»

«የጠፋች?»

«ወይም…» አለና ተወው።

እናቴ የጠፋች ልጅ! ደግሞ «ወይም» የሚባል ነገር አለ፤ ወይም የተጣለች! የአያቴ ግንባር ብዬ ስኩራራበት የኖርኩት ግንባር የማን ነው ታዲያ? ካርቶኑን ዘግቼ ልሮጥ ብድግ ካልኩ በኋላ ያቺን ልጅ ሦስተኛው በር ላይ እንደቆመች ጥያት መሄድ አቃተኝ። ተመልሼ ተቀመጥኩ።

ከዚያ በኋላ ፎቶዎቹ ሌላ ሆኑብኝ። እያንዳንዱ በር «አይ፣ የኛ አይደለችም» ያለ በር ነው። አናጢው ቤት እናትየው የራሷን ልጅ ከእናቴ አርቃ ወደ ራሷ አስጠግታለች፣ የሚጋባ በሽታ ያለባት ይመስል። ዳኛው ቤት ሁሉም ለብሰው፣ ተቀባብተው ቆመዋል፤ በእነሱና በእሷ መካከል ሌላ ሰው የሚያስቆም ክፍተት ትተዋል። ይሄን ቤት አውቀዋለሁ! እናቴ የእነሱን ፍራሽ ስታድስ ነው ያረጀችው።

«በሰፋችው ላይ ተኝተውበታል!» አልኩ በጩኸት። «እነዚህ ከይሲዎች! ውኃ እንኳ የሰጣት አለ?»

ጋሼ ቀስ በዚህኛው ቀስ በይ አላለኝም።

በሩ በጨመረ ቁጥር ሰሌዳው ዝቅ ይላል። መጀመሪያ ደረቷ ላይ ነበር፣ ወደ ሆዷ ወረደ፣ በኋላ ጉልበቷ ላይ ደረሰ። ፊቷ ላይ እንባ ወርዶ ደርቋል። እጄን በፎቶው ውስጥ ሰድጄ ባወጣት!

በመጨረሻ ቤታችን ደረስኩ። በደረጃው አወቅኩት፤ ጠርዙ የተሸረፈ ድንጋይ ነው፣ ስንት ጊዜ ጥሎኛል። የአያቴ ባል፣ ፊቱን ያኮሳተረው ትንሹ አጎቴ፣ ሁሉም ቀጥ ብለው ወደ ፊት ያያሉ። ሰሌዳው ግድግዳው ሥር ብቻውን ተደግፎ ቆሟል። ማንም አልያዘውም። አያቴ ወደ ፎቶ አንሺው አታይም፤ ጎንበስ ብላ የእናቴን አንጓ ለቀም አድርጋ ወደ ውስጥ እየጎተተቻት ነው። እናቴ ስለተንቀሳቀሰች ደብዝዛለች፤ አንድ እግሯ ከበሩ ደፍ አልፏል። የአያቴ አፍ ተከፍቷል። ምን እያለች እንደሆነ ሳልሰማው አውቀዋለሁ።

እንባዬ ዱብ ዱብ ሲል ጋሼ ቀስ ደንግጦ ፎቶውን ከሥሬ አሸሸው። «ፎቶው ላይ አይሆንም፣ እህቴ። ወደዚያ ዞረሽ አልቅሺ» አለኝ። ዞሬ አለቀስኩ። ከዚያ የመጨረሻውን ፎቶ ቅጂ አወጣልኝ።

መንገዱን ሙሉ እያወራሁ ሄድኩ፣ ብቻዬን እንደ እብድ። በዚህ ዕድሜዋ፣ ከሕክምናው በፊት፣ «የዚህ ቤት አይደለሽም» ብዬ ልገድላት ነው? የለም። ፎቶው ጠፍቷል፣ አይጥ በልቶታል እላታለሁ ብዬ ቆረጥኩ። እጄን ወደ በሩ ከመዘርጋቴ በሩ ተከፈተና አንጓዬ ተያዘ።

«ግቢ፣ ግቢ! ምን ያስቆምሻል?»

ውስጥ ገባሁ። አስቀመጠችኝ፣ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች።

«ከመጀመሪያው ጀመርሽ?»

«አዎ።»

«በሮቹን ሁሉ አየሽ?»

ደነገጥኩ። አጠያየቋ የማያውቅ ሰው አጠያየቅ አልነበረም።

«እማዬ… ታውቂያለሽ እንዴ?»

«ሰሌዳው ከባድ ነበር» አለች። «እሱንና በሮቹን አስታውሳለሁ። ከዚያ ወዲያ ያለው ጨለማ ነው፤ እንዴት እንደገባሁ አላውቅም። አያትሽ የሞተች ሰሞን አጎትሽ ተናዶ ‹እናቴ ወዳ መሰለሽ? ማዘጋጃ ቤት ነው በግድ የጣለሽብን› አለኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እዚህ ተቀምጦብኛል።» ደረቷን መታ መታ አደረገች። «ልነግርሽ ስል አፌ እምቢ ይለኛል። ራስሽ እንድታዪው ነው የላክሁሽ። አሁን አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ። እኛ በር ላይ እንደ ሌላው በር ዳር ቆሜያለሁ? አደራ፣ እንዳትዋሺኝ። አንቺ እንደሆን ፀጉሯ ለተቃጠለባት ሴት ‹አምሮብሻል› እያልሽ ነው የምትኖሪው።»

ሌላ ቀን ቢሆን በሳቅ እፈርስ ነበር። ቅጂውን ጭኗ ላይ አስቀመጥኩላት። እንደማታየው እያወቀች በጣቷ ዳሰሰችው።

«አልቆምሽም» አልኳት። «ሰሌዳው መሬት ተቀምጧል። እሷ ጎንበስ ብላ አንጓሽን ይዛ ወደ ቤት እየጎተተችሽ ነው። አንድ እግርሽ ገብቷል።»

«እጄን ማለትሽ ነው?»

«አንጓሽን። አንቺ ሰውን እንደምትይዢው።»

የራሷን አንጓ በሌላኛው እጇ ይዛ ቆየችና ወደ እኔ ዘረጋችው።

«እስቲ እንዴት አድርጋ?»

ያዝኳት።

«እንዲህ ላላ አድርጋ ነው?»

«አይ፣ ጠበቅ አድርጋ» አልኳትና ባለኝ ኃይል ጨበጥኳት።