በሳሙና የታሸው ደጋን

እትዬ ኦርሊን ስቲድሃም ሠላሳ ዓመት በትምህርት ቤት ወጥ ቤት ሠርተው ጡረታ የወጡ ሴት ናቸው። ቅዳሜ ማታ ግን እዚሁ አሜሪካ፣ በእኛ የኬንታኪ ሸለቆ የሙዚቃ አዳራሽ ውስጥ ቫዮሊን ይጫወታሉ። አርባ ስምንት ዓመት ሙሉ! ባላቸው በሞቱበት ሳምንት እንኳ አልቀሩም። የአዳራሹ ደንብ ደግሞ የታወቀ ነው፤ ጀማሪ ዘፋኝ ሲመጣ አንጋፋዎቹ ያጅቡታል፤ ቢፈጥን ይከተሉታል፣ ግጥሙ ቢጠፋው ዜማውን እየደጋገሙ ይጠብቁታል።

ዘንድሮ አዳራሹን የተረከበው ትሬንት የሚባል ጎረምሳ ነው፤ ደንብ የሚባል ነገር አያውቅም።

«እትዬ ኦርሊን፣ ዛሬ ቪዲዮ ስለምንቀርጽ አጃቢው ሙዚቃ የተቀዳ ነው። እርስዎ ደጋኑን ወዲህ ወዲያ ማድረግ ብቻ ነው» አላቸው።

«ታዲያ እኔ ምንድን ነኝ? የበቆሎ ማሳ ወፍ ማስፈራሪያ?»

«ኧረ እትዬ! ለመልክዎ ነው የፈለግንዎት።»

«ለመልኬ! ባሌ ይሄን ቢሰማ በሳቅ ሁለተኛ ይሞት ነበር። ስማ፣ ወይ እጫወታለሁ ወይ ቤቴ እገባለሁ።»

«እሺ በቃ፣ ይጫወቱ» አለ ፈገግ ብሎ። እሳቸውም አመኑት፤ ቫዮሊናቸውንና ደጋኑን ወንበር ላይ አስቀምጠው ቦሎቄና የበቆሎ ዳቦ ሊቀምሱ ሄዱ።

እዚያ የዛሬዋ ጀማሪ ዘፋኝ ኬይሊን መጣች። አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ሰው ፊት ስትዘፍን የመጀመሪያዋ ነበር።

«እትዬ፣ ግጥሙ ቢጠፋብኝስ?»

«እኔን እይኝ። እስኪመጣልሽ እጠብቅሻለሁ።»

መድረክ ወጡ፣ ዘፈኑ ተጀመረ። እትዬ ኦርሊን ደጋኑን ሳቡ። ምንም! ደግመው ሳቡ፤ ድምፅ የለም። ከድምፅ ማጉያው ግን ቫዮሊን ይንቆረቆራል፤ የማን እንደሆነ እግዜር ይወቀው። የደጋኑን ጭራ በጣታቸው ነኩት፤ ያንሸራትታል። አሸተቱት። ሳሙና! ያ ባለጌ ትሬንት እሳቸው ሲበሉ ጠብቆ፣ ድምፅ እንዳያወጣ በሳሙና አሽቶታል። ሰው እንዴት የሌላውን ሰው ደጋን ሳያስፈቅድ ይነካል? በእሳቸው የጥርስ መፋቂያ ጥርሱን ቢፍቅ ይሻላቸው ነበር። ደማቸው ፈላ።

ይኼኔ ኬይሊን ሁለተኛው አዝማች ላይ ዝም አለች። ግጥሙ ጠፋት። ዞራ አየቻቸው። ማሽኑ ግን ማንንም አይጠብቅም፣ ጥሏት ሄደ።

እትዬ ኦርሊን ደጋኑን ወለሉ ላይ ጣሉት። ደጋን በእጃቸው ሳይኖር የማጉያው ቫዮሊን ግን መዝፈኑን ቀጠለ፤ አዳራሹ በሙሉ አየ። ከዚያ ሄደው የማጫወቻውን ገመድ መንጭቀው ነቀሉት።

«ቪዲዮው!» ብሎ ጮኸ ትሬንት።

«ቪዲዮህን ብላው! እዚህ ቤት ሰው ይጠበቃል!»

እትዬ ኦርሊን ቫዮሊኑን ደረታቸው ላይ አስደግፈው በአውራ ጣታቸው ክሩን መነካካት ጀመሩ። ያችኑ ዜማ፣ ቀስ አድርገው። አንድ ዙር ሄዱ፤ ልጅቷ ከንፈሯን ነክሳ ቆማለች። ሁለተኛ ዙር። ጣታቸው መቅላት ጀመረ፤ ዓይናቸውን ከእሷ ላይ አልነቀሉም።

በሦስተኛው ዙር ኬይሊን አፏን ከፈተች።