ወራጅ ያለው ብርሃን

ጂቱ ባጫ የሚኒባስ ሾፌር ልጅ ናት። ትምህርት በሌላት ቀን ሁሉ ከአባቷ ጋር ጋቢና ተቀምጣ ከዱከም አዳማ ስትመላለስ አድጋለች። ዛሬ አዳማ ፊዚክስ ታስተምራለች፤ እኔ እዚያው ሒሳብ አስተምራለሁ። እንደሷ ያለ ግትር ሰው አላጋጠመኝም።

ዘንድሮ ርዕሰ መምህሩ አቶ ጋዲሳ ፎቅ ላይ ያለውን የሳይንስ ክበቧን ክፍል ለተሰባበሩ ወንበሮች ማከማቻ ፈለጉት። "በኤግዚቢሽኑ ቀን ቁም ነገር ካላሳየሽ ታስረክቢያለሽ" አሏት። ወንበሮቹ ከወዲሁ በሩ ላይ ተቆለሉ።

ጂቱ ከጫማ ካርቶንና ከአሮጌ ሲዲ ብርሃንን በየቀለሙ የሚዘረጋ ሣጥን ሠራች። "የፀሐይን ጥቁር መስመሮች አሳያለሁ" ብላም ፎከረች። ስንሞክረው የታየን ቀስተ ደመና ብቻ ነበር። መምህራን ሲስቁባት እሷ ጆሮ ዳባ ልበስ አለች። ብርሃኑ የሚገባበትን ቀዳዳ በመቀስ ስትቀደው ሰፍቶባት ኖሯል፤ ሁለት ምላጭ አጋጥማ ፀጉር እስኪያክል አጠበበችው።

በኤግዚቢሽኑ ቀን ሣጥኑን ፀሐይ ወዳረፈበት ነጭ ወረቀት አዞረችው። አቶ ጋዲሳ አጮለቁ።

"ቢጫው ላይ ጥቁር መስመር አለ። ሲዲሽ ተጭሯል" አሉ።

ጂቱ ይህችኑ ስትጠብቅ ነበር። ሣጥኑን ወደ ድሮው ዓይነት አምፖል አዞረችው።

"አሁንስ?"

"የለም።"

ወደ ፀሐዩ ስትመልሰው መስመሩም ተመለሰ።

"ታዲያ ቢጫውን ማን ወሰደው?" አሉ፣ ድምፃቸው ለስልሶ።

"ብርሃኑ ከፀሐይ ሲነሳ እንደ ሚኒባስ ሙሉ ነው። የፀሐይ ላይኛው ክፍል ላይ ግን ቀዝቀዝ ያለ ጋዝ አለ፤ ከጋዙ ውስጥ አንዱ ጨው ውስጥ ያለው ሶዲየም ነው። እሱ ያቺን ቢጫ ብቻ መርጦ ይይዛታል። ሞጆ ላይ ወራጅ አለ እንደማለት ነው። መልሶ ሲለቃት ደግሞ አቅጣጫ አይመርጥም፤ አንዷ ወደ ባቱ ትታጠፋለች፣ አንዷ ወደ ዱከም ትመለሳለች። እኛ ጋ የምትደርሰው ጥቂት ናት። ጥቁር የመሰለዎት ባዶ ወንበሯ ነው።"

አቶ ጋዲሳ እንደገና አጎነበሱ፤ ከኋላቸው የተሰለፈው ሰው እስኪያጉረመርም አልተነሱም። እኔ ደስታዬን መደበቅ አቃተኝ።

በመጨረሻ ቀና አሉና በሩ ላይ የተቆለሉትን ወንበሮች አዩ።

"ወራጅ አለ" አሉ፣ "እነዚህን ወደ ታች አውርዱልኝ።"